ቀድሞ የጨረሰ ልጅ ምን ይሥራ?

መምህሩ ሰሌዳው ላይ ጥያቄውን ጽፈው ሳይጨርሱ መልሱ ከመጣላችሁ፣ የቀረው ደቂቃ እንዴት እንደሚረዝም ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ በመስኮት ማየት፣ ቀጥሎ አጠገብ ያለውን መነካካት፣ ከዛ "ይሄ ልጅ ረባሽ ነው" መባል። የባሰው ጣጣ ግን ሌላ ነው፦ ሁሉም የሚቀለው ልጅ መታገልን ሳይለምድ ያድግና የመጀመሪያው ከባድ ጥያቄ ሲመጣ ግራ ይገባዋል።

ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ በልጅነቱ ክፍል ውስጥ ከ1 እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች በቅጽበት ደመረ ይባላል (50 ጥንዶች፣ እያንዳንዳቸው 101፤ ድምሩ 5,050)። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። መምህሩ ቡትነር ከሐምቡርግ ከፍ ያለ የሒሳብ መጽሐፍ አስመጡለት። ረዳታቸው ማርቲን ባርተልስ ደግሞ፣ ከጋውስ 8 ዓመት ገደማ ብቻ የሚበልጥ ወጣት፣ አብሮት ቁጭ ብሎ ሒሳብ ያጠና ጀመር። በቃ፣ አንድ መጽሐፍና አብሮ የሚያስብ አንድ ሰው።

መጽሐፍ የሚያስመጣላችሁ ከሌለስ? ጥያቄውን ራሳችሁ ቀይሩት። ለ2 እኩል የማይከፈሉትን ቁጥሮች ብቻ ከ1 ጀምራችሁ ደምሩ፦ 1፣ 1+3፣ 1+3+5፣ 1+3+5+7። የሚመጣው 1፣ 4፣ 9፣ 16 ነው። ለምን ሁሌ ካሬ ይሆናል? ደብተራችሁ ጀርባ ላይ 1 ነጥብ አድርጉ፤ 3 ነጥቦች በቀኝና ከላይ በማዕዘን ክበቡት፤ እነዚያን ደግሞ በ5፣ ቀጥሎ በ7። ካሬው እያደገ ሲሄድ ታዩታላችሁ። ያገኛችሁትን ለመምህራችሁ አሳዩ፤ "ሰለቸኝ" ከማለት ይሄ ይቀላል።

በ2፣ 4፣ 6፣ 8 ብትሞክሩትስ ምን ዓይነት ቅርጽ ይመጣል?