ያውቁ ኖሯል? የኮሌጅ ልጃገረዶች፣ ቅርጫት ኳስና የጎጃም ደጋ

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሲደርቅ የኮሌጅ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድኖች ለአዲሱ የውድድር ዘመን ልምምድ የሚጀምሩበት ጊዜ ነው። ከደብረ ኤልያስ ተነሥታ ለትምህርት ደብረ ማርቆስ የምትገባ ልጅም ከተሰላፊዎቹ አንዷ መሆን ትችላለች። ለእሷ፣ ለአሰልጣኟና ለወላጆቿ ይሆናሉ ያልናቸውን እነሆ። የውጭ አገር ታሪኮች ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጨዋታው እንዴት ተጀመረ?

• ቅርጫት ኳስ የተፈለሰፈው ለብርድ ወራት ነው። በ1891 ማገባደጃ በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ ጄምስ ናይስሚዝ የተባለ መምህር ተማሪዎቹ አዳራሽ ውስጥ የሚጫወቱትን ጨዋታ ሲፈልግ ሁለት የኮክ ቅርጫቶች ሰቀለ፤ 13 ደንቦችም ጻፈ። ትምህርት ቤቱ አዲስ አበባ ላይም የሚታወቀው የወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) ነበር።

• ሴቶች ጨዋታውን ለመጀመር ብዙ አልቆዩም። በስሚዝ ኮሌጅ የሴቶች የአካል ማጎልመሻ መምህርት የነበረችው ሴንዳ በረንሰን በ1892 ለተማሪዎቿ አስተማረች። በመጋቢት 1893 የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ሲጋጠሙ ወንድ ተመልካች እንዲገባ አልተፈቀደም።

• በዚያ ዘመን «ሴት ልጅ ብዙ ከሮጠች ትጎዳለች» ይባል ስለነበር የበረንሰን ደንብ ሜዳውን ለሦስት ከፈለው። ተጫዋቿ ከክልሏ አትወጣም፣ ኳስ ከ3 ጊዜ በላይ አታነጥርም፣ ከ3 ሰከንድ በላይም አትይዝም ነበር።

• ሁለት ኮሌጆች በሴቶች ቅርጫት ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጋጠሙት በሚያዝያ 1896 ነው። ስታንፎርድ በርክሌይን 2 ለ1 አሸነፈ።

• በአዮዋ ግዛት የሁለተኛ ደረጃ ልጃገረዶች ስድስት ስድስት ሆነው፣ አጥቂዎች በአንዱ፣ ተከላካዮች በሌላው ግማሽ ሜዳ ተወስነው ሲጫወቱ የቆዩት እስከ 1993 ድረስ ነው። በ2023 ደግሞ የዚያው ግዛት የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሴቶች የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር በእግር ኳስ ስታዲየም ያደረጉትን የዝግጅት ጨዋታ 55,646 ሰው ተመለከተው። «አትሩጪ» ከመባል ስታዲየም እስከ መሙላት የወሰደው አንድ መቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ ነው።

ከውድድሩ በፊት ያሉት ሳምንታት

• የአሜሪካ ኮሌጆች ቡድኖች ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ባሉት ስድስት ሳምንታት ገደማ 30 ያህል ሙሉ ልምምድ ያደርጋሉ። ፍጥነት፣ የመከላከል አሰላለፍና መግባባት የሚሠራው ያኔ ነው፤ ውድድር ከተጀመረ በኋላ ጊዜው የጥገና ብቻ ይሆናል።

• ብዙዎቹ የሴቶች ቡድኖች በልምምድ ላይ ፈቃደኛ ወንድ ተማሪዎችን ተጋጣሚ አድርገው ያሰልፋሉ። ገንዘብ የማይጠይቅ፣ በየትኛውም የእኛ ኮሌጅ ነገ ሊጀመር የሚችል ዘዴ ነው።

• ፓት ሰሚት የቴነሲ ዩኒቨርሲቲን ሴቶች ማሰልጠን የጀመረችው በ1974፣ በ22 ዓመቷ ነው። የተጫዋቾቿን መለያ ራሷ ታጥብ፣ መኪናውንም ራሷ ትነዳ ነበር። ሥራዋን ስታቆም 1,098 ድልና 8 የአገር አቀፍ ዋንጫ ነበራት። በባዶ እጅ የሚጀምር አሰልጣኝ ይህን ታሪክ ይያዘው።

ደጋው፣ ሳንባውና ኳሱ

• ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ከቆላ የመጣች አዲስ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ብትደክም ስንፍና አይደለም፤ ሰውነቷ እስኪለምድ በሩጫዎች መካከል ረዘም ያለ እረፍት ይሰጣት።

• ኳሱም ከፍታውን ያውቃል። 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ባሕር ዳር የተነፋ ኳስ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ የውጭው ግፊት ስለሚቀንስ ይጠነክራል፣ ይበልጥም ይነጥራል። በንጋት ብርድ ደግሞ ይላላል። ስለዚህ ኳስ የሚፈተሸው በሚጫወቱበት ቦታና ሰዓት ነው።

• የሴቶች ኳስ ከወንዶቹ ያነሰ ነው። ዙሪያው 72 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ቁጥር 6 ይባላል፤ የወንዶቹ ቁጥር 7፣ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቅርጫቱ ግን ለሁለቱም 3.05 ሜትር ላይ ይሰቀላል። ልጃገረዶች በወንዶች ኳስ ብቻ ከተለማመዱ ውድድር ላይ እጃቸው ግራ ይጋባል።

ጉልበትና ማዕድ

• ዘለው በሚያርፉባቸው ስፖርቶች የሴቶች የፊት መስቀለኛ የጉልበት ጅማት የመበጠስ አደጋ ከወንዶች ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። በየልምምዱ መጀመሪያ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል የአዘላለል፣ የሚዛንና የአስተራረፍ ሥልጠና መስጠት አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል። ዋናው ነገር ጉልበትን አጥፎ ማረፍ፣ ጉልበቶቹም ወደ ውስጥ እንዳይጋጠሙ መጠንቀቅ ነው። በአስፋልትና በሲሚንቶ ሜዳ ላይ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል።

• በወር አበባ ምክንያት ሴት ስፖርተኞች ከወንዶች የበለጠ ብረት ያስፈልጋቸዋል። ጤፍ በብረት የበለጸገ እህል ነው፤ ጎመንና ምስርም ይረዳሉ። ቡናና ሻይ ግን ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱ በሚገባ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋሉ። ቡናው ከማዕድ በኋላ ቆየት ብሎ ቢፈላ፣ ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ የሚረዱት ቲማቲምና ቃሪያ ደግሞ ከማዕዱ ባይጠፉ ይመረጣል።

• ጾመኛ ተጫዋችም በደንብ መሠልጠን ትችላለች። ሽሮ፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር ከእንጀራ ጋር ጡንቻ የሚገነባውን ፕሮቲን ይሰጣሉ። አሰልጣኙ ከባዱን ልምምድ እህል ወደምትቀምስበት ሰዓት ቢያቀርበው ተጫዋቿ ወዲያው በልታና ጠጥታ ጉልበቷን ትመልሳለች።

የአፍሪካ እህቶች

• በኦሎምፒክ ቅርጫት ኳስ ከወንድም ከሴትም ሩብ ፍጻሜ የገባ የመጀመሪያው የአፍሪካ ቡድን የናይጄሪያ ሴቶች ቡድን ነው፤ ጊዜው 2024፣ ቦታው ፓሪስ። አሰልጣኙም ሬና ዋካማ የተባለች ሴት ነበረች።

• ሴቶች በኦሎምፒክ ቅርጫት ኳስ የተወዳደሩት ከ1976 ጀምሮ ነው፤ ወንዶቹ ከዚያ 40 ዓመት ቀደም ብለው ጀምረው ነበር። በሴቶቹ ውድድር የመጀመሪያዋን ነጥብ ያስቆጠረችው አሜሪካዊቷ ሉሲያ ሃሪስ የዴልታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች።

የደብረ ኤልያስ ውርስ

• ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት የታወቀ ደብር ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የደረሱት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የቅኔ ተማሪ በየዕለቱ ይቆጥራል፣ ይዘርፋል፣ መምህሩም ያርመዋል። ነጻ ውርወራም እንዲሁ ይማሩታል፤ በየቀኑ ይወረወራል፣ አሰልጣኝ ያርማል፣ እንደገና ይወረወራል።

• ጎጃም ወንዶች ብቻ በሚታዩበት መስክ ገብታ የመራች ሴትም አላት። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዐይነ ስውር ሆነው ሳለ ቅኔን ተምረው፣ ጉባኤ ዘርግተው ወንዶችን ያስተማሩ የቅኔ መምህርት ነበሩ። «ይህ የሴት ቦታ አይደለም» የሚል ሰው የእሳቸውን ስም ይስማ።

• አንድ ሙሉ የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 በ15 ሜትር ብቻ ነው። ትልቅ ስታዲየም አይጠይቅም። በአብዛኞቹ ግቢዎች ልጃገረዶች የሚቸገሩት ከሜዳው ይልቅ በሰዓቱ ነው፤ ወንዶች ሲጨርሱ ይመሻል፣ በጨለማ ወደ ዶርም መመለስ ደግሞ ያሰጋል።

ስለዚህ የኮሌጅ ኃላፊዎችና የስፖርት መምህራን ሆይ፣ ዘንድሮ አንድ ነገር አድርጉ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሜዳው የልጃገረዶቹ ብቻ የሚሆንበትን ሰዓት በጽሑፍ ለጥፉ፤ አስከብሩትም። ወላጆችም ልጃችሁ ለልምምድ ስትዘገይ ከመቆጣታችሁ በፊት የት እንደምትጫወት ሄዳችሁ እዩ። ቁጥር 6 ኳስ፣ የተወሰነ ሰዓትና የሚያርም አሰልጣኝ ካገኙ እነዚህ ልጆች ለውድድሩ ተዘጋጅተው ይቀርባሉ።