ከየት ጀምራችሁ ነው ያነበባችሁት?

ከደሴ ወደ ወልድያ ስትጓዙ መጀመሪያ ሐይቅን፣ ቀጥሎ አምባሰል ውስጥ ውጫሌን ታገኛላችሁ። ባለፈው ሐይቅ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማረው የአክስቴ ልጅ ቡናው እስኪፈላ ያዘችኝ። «ጋሼ፣ ትእዛዝ የሚያነበው ፕሮሰሰሩ ራሱ አይደል እንዴ? ታዲያ ሊነክስ ከርነል ውስጥ ሌላ ዲኮደር ለምን አስፈለገ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። እስኪ ከሥሩ እንጀምር።

ፕሮግራም ለፕሮሰሰር የቁጥር ሰልፍ ነው። ኢንቴልና ኤኤምዲ በሚሠሯቸው የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች አንድ ትእዛዝ ከ1 እስከ 15 ባይት ይረዝማል። በትእዛዝና በትእዛዝ መካከል ደግሞ ምንም ምልክት የለም። የድሮ ብራና ጸሐፊዎቻችን በየቃሉ መሃል ሁለት ነጥብ ያኖሩ ነበር፤ እዚያው ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለውን፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈውን የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ያስታውሷል። ማሽኑ ግን ሁለት ነጥብ አያውቅም። ቃሉ የት እንደሚያልቅ የሚታወቀው ቃሉን በማንበብ ብቻ ነው።

«መንገድ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። አንድ ፊደል ዘልላችሁ ብትጀምሩ «ንገድ» ይሆናል፤ ነጋዴ ሁን ማለት ነው። አንድ ደግሞ ዝለሉ፣ «ገድ» ቀረ። ሦስቱም ትክክለኛ አማርኛ ናቸው፣ ጸሐፊው ያሰበው ግን አንዱን ነው። ማሽኑም ላይ ያው ነው። 184፣ 204፣ 0፣ 0፣ 0 የሚሉት አምስት ባይቶች አንድ ትእዛዝ ናቸው፦ «204 የሚለውን ቁጥር ሬጅስተር ውስጥ አስቀምጥ»። ከሁለተኛው ባይት ብትጀምሩ ግን 204 ራሱ ትእዛዝ ነው፤ ትርጉሙም «እዚህ ላይ ቁም»።

የልጅቷ ጥያቄ መልስ ያለው እዚህ ነው። ሊነክስ ውስጥ ኬፕሮብስ የሚባል መሣሪያ አለ። ከርነሉ እየሠራ ሳለ፣ ማሽኑን ሳታጠፉ፣ የፈለጋችሁት ቦታ ላይ ወጥመድ አስቀምጣችሁ ምን እየሆነ እንደሆነ ታያላችሁ። ወጥመዱ ይኸው 204 ነው። ከርነሉ የትእዛዙን የመጀመሪያ ባይት በ204 ይተካና ዋናውን ትእዛዝ ሌላ ቦታ ገልብጦ ያስቀምጠዋል። ለመገልበጥ ርዝመቱን ማወቅ አለበት። ወጥመዱ በስህተት ትእዛዝ መሃል ላይ ካረፈ ደግሞ የሌላውን ትርጉም ያበላሻል፤ ከርነል ሲሳሳት የሚወድቀው አንድ አፕ ሳይሆን ሙሉ ማሽኑ ነው። ስለዚህ ከፈንክሽኑ መጀመሪያ ተነስቶ ትእዛዝ በትእዛዝ እያነበበ ይሄዳል። ልክ የተጠየቀው ቦታ ላይ ከደረሰ ይፈቅዳል፣ ከዘለለው ይከለክላል።

ይህን ዲኮደር በ2009 (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው ጃፓናዊው ማሳሚ ሂራማትሱ ነው። በእኔ አስተያየት የንድፉ ጥበብ ትሕትናው ላይ ነው። ትእዛዙ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ አይደክምም፤ ክፍሎቹ የት እንደሚጀምሩና የት እንደሚያልቁ ብቻ ይለያል። ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም። የእነዚህ ፕሮሰሰሮች ቋንቋ ከ1978ቱ 8086 ጀምሮ እየተቀጣጠለ የመጣ ነው። ቅድም ካየነው 184 ፊት 102 የሚል ባይት ብትጨምሩ፣ ትእዛዙ ከአምስት ባይት ወደ አራት ይወርዳል። ጨምረህበት የሚያጥር ነገር የት አለ! ለዚህ ነው ሂራማትሱ የትእዛዞቹን ካርታ ሰው በሚያነበው ተራ ጽሑፍ አስፍሮ፣ ኮዱ የሚጠቀምበትን ሠንጠረዥ ከዚያ ጽሑፍ በስክሪፕት እንዲወጣ ያደረገው። አዲስ ትእዛዝ ሲመጣ የሚታረመው ጽሑፉ ነው።

እዚህ ላይ «እሺ፣ ግን የከርነሉ አንባቢና ፕሮሰሰሩ ባይስማሙስ?» አለችኝ። በእጄ ወደ ውጫሌ አቅጣጫ ጠቆምኳት።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል አንድ ውል ነበር፣ አንባቢው ግን ሁለት። አንቀጽ 17 በአማርኛው አጤ ምኒልክ ከውጭ መንግሥታት ጋር በጣልያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ጣልያንኛው ግዴታ አድርጎ ተነበበ። ልዩነቱ የታወቀው ከተፈረመ በኋላ ነው፤ ጣጣው አድዋ ድረስ ወሰደን። ሁለት አንባቢዎች አንድ ጽሑፍ ላይ ሲለያዩ ኮምፒውተርም ላይ ቀልድ አይደለም፤ በተለይ ከርነሉ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ያለን ትእዛዝ አንብቦ ራሱ በሚፈጽምበት ጊዜ፣ ልዩነቱ ለሰርጎ ገብ በር ይከፍታል።

የከርነሉ ሰዎች ታዲያ ከፊርማው በፊት ያመሳክራሉ። ከርነሉ ሲገነባ ሊበራ የሚችል ፈተና አለ፦ ኦብጅደምፕ የሚባል ሌላ ፕሮግራም ሙሉውን ከርነል ያነብባል፣ ዲኮደሩም ያነብባል፣ የእያንዳንዱ ትእዛዝ ርዝመት ይነጻጸራል። ካልተስማሙ ማስጠንቀቂያ ይወጣል።

ስልካችሁስ? የአንድሮይድ ከርነልም ሊነክስ ነው፣ ፕሮሰሰሩ ግን አርም ነው። ባለ 64 ቢት አርም ላይ እያንዳንዱ ትእዛዝ እኩል 4 ባይት ስለሆነ ድንበር ፍለጋ የሚባል ጣጣ የለም። ተርመክስ የሚባለውን አፕ ጭናችሁ ቢንዩቲልስን ብታስገቡ፣ ኦብጅደምፕን እዚያው ስልካችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። የአክስቴ ልጅ ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ሞከረችው። በጣቷ ወደ ታች እየሳበች ረድፎቹን አየች፣ ሁሉም እኩል። «ይሄማ ምን አለው» ብላ ስልኩን አስቀመጠችና ላፕቶፔን ጠየቀችኝ።