ለሚበታተን ቀልብ የብር ቀጠሮ

ላሊበላ ውስጥ በማስጎብኘት የሚተዳደር ሰው ዓመቱ የሚከፈተው ከመስቀል በኋላ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ እንግዳ ይገባል፤ ለገና ከተማው ሞልቶ ይፈሳል፤ ከጥምቀት ወዲያ እየሳሳ ይሄድና ፋሲካ ላይ ትንሽ ይነቃል፤ ሰኔ ሲገባ ጭር። ይህም አገር ሰላም ሲሆን ነው። በ2012 ኮሮና፣ ከሐምሌ 2013 መጨረሻ ጀምሮ ጦርነቱ፣ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የክልሉ ግጭት ወቅቱን ራሱን ሲያጠፉት አይተናል።

እኔም አስጎብኚ ነኝ፤ በዚህ ላይ የርቀት ትምህርት ተማሪ ነኝ። የምዝገባ ገንዘብ የሚጠየቀው መስከረም ላይ፣ ክረምቱ ኪሴን አራግፎ ከጨረሰ በኋላ ነው። በዚያም ላይ ኤዲኤችዲ፣ ማለትም ቀልብን የሚበታትን የአእምሮ ሁኔታ፣ አለብኝ። «እንዴት ነው ብር የምትይዘው?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ለምትጠይቁኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ኤዲኤችዲ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ወንበር ላይ አልቀመጥ ያለ ልጅ ነው። አዋቂም ላይ አለ፤ በዓለም ላይ ከመቶ ጎልማሳ ሁለት ሦስቱ እንዳለባቸው ይገመታል። እኛ ጋ «ቀልበ ቢስ» ተብሎ ይታለፋል፣ አለዚያም ጠበል ይወሰዳል። (ጠበሉን አልነቅፍም፤ ሐኪሙም አይቅር ነው የምለው።) አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ራስል ባርክሌይ የችግሩን ሥር ከጊዜ ጋር ያያይዘዋል፤ እንዲህ ያለው አእምሮ ገና የሚመጣውን ቀን አጥርቶ አያይም። ወደ ገንዘብ ስታመጡት ነገሩ ግልጽ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚከፈል ኪራይ ለእኔ የለም። እጄ ላይ ያለው ብር ግን አለ፤ ያውም በጣም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የስዊድን ጥናት ኤዲኤችዲ ያለባቸው ሰዎች ብድር መመለስ የሚያቅታቸው ከሌላው ሰው ይበልጥ እንደሆነ፣ ዕድሜ ሲገፋም እንደሚብስ አሳይቷል። ስንፍና ነው የሚል ዘመድ ካላችሁ ይህን ንገሩት።

የእኔ አደገኛ ሰዓት ከአሸተን ማርያም የምወርድበት ምሽት ነው። አሸተን ከከተማው በላይ፣ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ከገደሉ አለት የተፈለፈለች ናት፤ ትውፊቱ ከንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ጋር ያያይዛታል። በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ለደከመው በቅሎ አለ። ወርደን ስንሰነባበት የቀኑን ክፍያ እቀበላለሁ፤ ቲፑ አንዳንዴ በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ አንድ ዶላር ከበፊቱ እጥፍ የሚበልጥ ብር ስለሚያመጣ፣ የጤፍና የዘይት ዋጋ አብሮ መውጣቱን ረስቼ ሀብታም የሆንኩ ይመስለኛል። ጉልበቴ ዝሏል፣ ኪሴ ሞልቷል፣ ጓደኞቼ ጠጅ ቤት ናቸው። በዚህች ሰዓት ውሳኔ የሚባል ነገር ከእኔ አይጠበቅም። ስለዚህ ውሳኔውን አስቀድሜ ጨርሼዋለሁ፦ ገንዘቡ እራት ሳይበላበት ከኪሴ ወጥቶ ወደ ቁጠባ ይገባል። ቴሌብር ላይ ያለው ሳንዱቅ ለዚህ ይበቃል፤ ባንክ እስኪከፈት መጠበቅ የለም። ብድር የሚሰጡ የስልክ አገልግሎቶችን ግን አልነካም። ለሌላው ሰው ደግ ነገር ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለእኔ ዓይነቱ ሁለት ጊዜ ተጭኖ የሚገኝ ብር ስጦታ ነው የሚመስለው።

ከዚያ ቁጠባ ለራሴ ደመወዝ እከፍላለሁ። ለምሳሌ በወቅቱ 60,000 ብር ከገባ በወር 5,000 ነው፤ ጥር ላይም 5,000፣ ሐምሌ ላይም 5,000። በየቻናሉ የሚዞረው የ50፣ 30፣ 20 በመቶ ምክር ኤልዛቤት ዋረን ከልጇ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመችው መጽሐፍ የታወቀ ነው። መጥፎ ምክር አይደለም። ግን በየወሩ ተመሳሳይ ገንዘብ ለሚገባለት ሰው ነው የተቆረጠው፤ ሰኔ ላይ የዜሮ 20 በመቶ ስንት ነው?

የክፍያ ቀንን በተመለከተ የስልክ ማስታወሻ ሞክሬ ትቼዋለሁ። ይጮኻል፣ አጠፋዋለሁ፣ እረሳዋለሁ። አሁን ሁሉን በበዓላት ላይ አስሬዋለሁ፦ ኪራይ በ12 በሚካኤል፣ የትምህርት ቤቱ በ21 በማርያም። ላስታ ውስጥ የማርያም ዕለት መሆኑን መርሳት ይከብዳል። ሌሊት ደወሉ አለ፣ ጠዋት ነጭ የለበሰው ሰው አለ፣ ማኅበር ያለባት ጎረቤት ከዋዜማው ጀምሮ ጠላዋን ታሰናዳለች። ቀኑ ራሱ ቤቴ ድረስ መጥቶ ይቀሰቅሰኛል። ጳጉሜን ደግሞ ኪራይ የለባትም፤ የዓመቱን ሒሳብ የምሠራው በእሷ ነው።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ዕቁብ ነው። መዋጮው ቅዳሜ፣ በገበያው ቀን ነው። ከዘገየሁ ጸሐፊዋ ትደውላለች፦ «አንተ ልጅ፣ ገበያው ሳይበተን!» ባንክ ባዶ ሒሳቤን አይቶ ዝም ይላል፤ እሷ ግን ዝም አትልም፣ ዋሴም እንዲሁ። ለራሴ የማላከብረውን ቀጠሮ ለሰው ሲሆን አከብረዋለሁ። የሚጠብቀኝ ሰው ፊቱ ይታየኛል፤ መስከረም ግን ፊት የለውም።

ዕቁብ ግን አንድ ወጥመድ አለው፣ እሱም ዕጣው ነው። ኅዳር ላይ ዕጣ ቢወጣልኝ ከአሸተን ምሽት የባሰ ምሽት ይሆንብኛል፤ በአንድ ቀን ያን ያህል ብር! ስለዚህ ከዳኛው ጋር ተነጋግሬ ዕጣዬ ነሐሴ መጨረሻ ላይ እንዲሆን አድርጌያለሁ። ቸግሮት ቀድሞ መውሰድ የሚፈልግ አይጠፋም፤ እሱም ደስ ይለዋል። እኔም ብሩን ተቀብዬ ለምዝገባው እከፍልበታለሁ። ዕቁብ የምትገቡ ከሆነ ይህን ከመጀመሪያው ቅዳሜ በፊት ተናገሩ፤ ዕጣው ከወጣ በኋላ ተራ ለመለዋወጥ መለመን ሌላ ጣጣ ነው።