የፑንች ወንዝ ትንሽ ዓሣና የግድቦቹ ዘመን

የፑንች ወንዝ ከፒር ፓንጃል ተራሮች ይነሳል። በሕንድ አስተዳደር ሥር ባለው የካሽሚር ክፍል የምትገኘውን የፑንች ከተማ አልፎ፣ ሕንድና ፓኪስታን ጦር የሚማዘዙበትን የቁጥጥር መስመር ይሻገራል፤ ከዚያም በፓኪስታን በኩል ኮትሊን ታክኮ ማንግላ ግድብ ሐይቅ ውስጥ ይገባል። በዚህ ወንዝ ድንጋዮች መካከል የካሽሚር አምባዛ የሚባል ዓሣ ይኖራል። ከጣት እምብዛም አይረዝምም። አጥማጆች የሚመኙት እዚያው የሚኖረውን ትልቁን ማሕሲር እንጂ እሱን አይደለም። ሆኖም በሁለቱ ዓሦች የተነሳ የአንድ ግድብ ንድፍ ተለውጧል።

የካሽሚር አምባዛ ግሊፕቶቶራክስ ከሚባለው ወገን ነው። ከመቶ በላይ ዝርያዎች ያሉት ይህ ወገን ከጤግሮስና ኤፍራጥስ ተፋሰስ ተነስቶ በሂማላያ ግርጌ አድርጎ እስከ ቻይና፣ ጃቫና ቦርኔዮ ይዘልቃል። በእኛ ሐይቆች የምናውቀው አምባዛ ድፍርስ ውሃን የሚችል፣ ሲቸግረው ከላይ አየር የሚስብ ዓሣ ነው። ይኸኛው ግን ቀዝቀዝ ያለና ኦክስጅን የበዛበት፣ በድንጋይ ላይ እየተላተመ የሚወርድ ውሃ ይፈልጋል። ሆዱ ጠፍጣፋ ነው። ደረቱ ላይ የቆዳ እጥፋቶች ተደርድረዋል፤ በእጥፋቶቹ ላይ ደግሞ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ እሾኽ መሰል ጫፎች አሉ። ሰው ቆሞ ሊሻገረው በማይችለው ሞገድ ውስጥ በእነዚህ ድንጋዩን ቆንጥጦ ይይዛል፤ ከድንጋዩ ሥርም የነፍሳት እጭ ይለቅማል።

ይህን ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1923 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ሰንደር ላል ሆራ ነው። ሃፊዛባድ ውስጥ፣ በዛሬዋ ፓኪስታን ተወልዶ፣ ኋላ የሕንድን የእንስሳት ጥናት ተቋም የመራ ሰው ነው። የሞገደኛ ወንዞች እንስሳት ከወራጁ ውሃ ጋር እንዴት እንደተስማሙ በማጥናት ዕድሜውን አሳልፏል። ሆራ ያሳየው ነገር ለዛሬው የግድብ ክርክር ቁልፍ ነው፤ የእነዚህን ዓሦች አካል የቀረጸው የውሃው ጉልበት ነው።

ግድብ የሚወስደው ደግሞ ይህንኑ ጉልበት ነው። ከግድቡ በላይ ውሃው ይተኛል፤ ደለሉም ወርዶ ድንጋዩን ይሸፍነዋል። ከግድቡ በታች፣ ውሃው በዋሻ ተጠልፎ ወደ ተርባይን ስለሚሄድ የወንዙ አልጋ ይሳሳል። ሁለቱም ለዚህ ዓሣ አይሆኑም።

102 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጉልፑር ፕሮጀክት በኮትሊ አካባቢ ሲታቀድ የገጠመው ይህ ነበር። በፓኪስታን በኩል ያለው ወንዝ እ.ኤ.አ. በ2010 ብሔራዊ ፓርክ ተብሏል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የካሽሚር አምባዛን ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መዝገብ አስፍሮታል። ከአበዳሪዎቹ መካከል የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው የፋይናንስ ኮርፖሬሽንና የእስያ ልማት ባንክ አሉ፤ የኮርፖሬሽኑ ደንብ ደግሞ እንዲህ ያለ ዓሣ በሚኖርበት ቦታ ሥራው ጉዳት መቀነሱ ብቻ አይበቃም፣ ዓሣው ከነበረበት መሻሻል አለበት ይላል። ስለዚህ ግድቡ ወደ ኃይል ማመንጫው እንዲጠጋ ተደረገ፤ ውሃ የሚጎድልበት የወንዝ ክፍልም ወደ 700 ሜትር ገደማ አጠረ። ሕገ ወጥ አጥማጆችንና አሸዋ አውጪዎችን የሚከላከሉ ጠባቂዎችም ተመደቡ። ማመንጫው እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ ጀመረ።

ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አላቃልለውም። መብራት የሌለው ቤት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ አንባቢ ግድብ አይሠራ ማለትም አልችልም። የሚያሳስበኝ ጥበቃው የቆመበት መሠረት ነው። ዓሣው የተረፈው ስሙ መዝገብ ላይ ስለነበረና ገንዘቡ ደንብ ካለው አበዳሪ ስለመጣ ነው። ከዚህ ወገን አዳዲስ ዝርያዎች ከሰሜን ምሥራቅ ሕንድና ከምያንማር ጅረቶች ዛሬም እየተገኙ ነው፤ ሳይንስ ስም ሳያወጣለት ወንዙ የሚታገድበት ዓሣ ማን ይሟገትለታል? ደንብ የሌለው አበዳሪስ ቢመጣ?

ደንብ ባለበትም ቢሆን መለኪያው ይጎድላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የግልግል ችሎት በሌላ ወንዝ ላይ ባለው የሕንድ ግድብ፣ በኪሸንጋንጋ ጉዳይ በፓኪስታንና በሕንድ መካከል ሲፈርድ፣ ሕንድ በሰከንድ ቢያንስ 9 ኪዩቢክ ሜትር ውሃ ወደ ታች እንድትለቅ ወስኗል። ሁለቱ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1960 የተፈራረሙት የኢንደስ ውሃ ስምምነት የወንዙን ደኅንነት ጭምር ታሳቢ አድርጎ እንዲነበብ ማድረጉ ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን የተቆጠረው የውሃው መጠን ነው። ያው 9 ኪዩቢክ ሜትር በጠባብ የድንጋይ ሸለቆ ሲሮጥና በሰፊ አሸዋ ላይ ሲንጣለል ለግሊፕቶቶራክስ አንድ አይደለም። በየፈቃዱ ላይ ከመጠኑ ጎን የውሃው ፍጥነትና የወንዙ አልጋ ሁኔታ መጻፍ አለበት፤ ፈቃዱም ለአንድ ግድብ ብቻ ሳይሆን ወንዙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ታይቶ መሰጠት አለበት።

ለዚህ ግን የላይኛውና የታችኛው ተፋሰስ አገሮች መነጋገር ይኖርባቸዋል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ስምምነቱን ማገዷን አስታውቃለች። የጉልፑር ጠባቂዎች ከቁጥጥር መስመሩ በታች ያለውን ወንዝ ብቻ ነው የሚጠብቁት፤ ውሃው ግን የሚመጣው ከላይ ነው።