ቫልቭ የሌለው ደም መልስ

ከእግርና ከኩላሊት የሚመለሰው ደም በቀጥታ ወደ ልብ ያመራል። የአንጀት፣ የጨጓራና የጣፊያ ደም ግን አስቀድሞ በጉበት በኩል ያልፋል። ይህን ደም ሰብስቦ የሚያደርሰው ፖርታል የሚባለው ደም መልስ ነው። ከቆሽት ጀርባ የጣፊያና የላይኛው የአንጀት ደም መልሶች ተገናኝተው ይሠሩታል፤ ርዝመቱ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጉበት ከሚያገኘው ደም ሦስት አራተኛው ያህል የሚመጣው በእሱ በኩል ነው፤ ቀሪውን ከአኦርታ የሚነሳው ደም ቅዳ ያሟላል። የእግር ደም መልሶች ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ አላቸው፤ ፖርታል የለውም። ዋናው ጣጣ ከዚህ ይጀምራል፤ ጉበት ላይ መንገዱ ሲጠብ ደሙ ወደ መጣበት ይገፋል።

በኢትዮጵያ ይህን መንገድ ከሚያጠቡት አንዱ ቢልሃርዚያ ነው። በጣና ዳርቻ ወይም በመስኖ ቦይ ውሃ ውስጥ በቆዳ የገባው ትል አድጎ በአንጀት ደም መልሶች ይኖራል። ከእንቁላሎቹ ከፊሎቹ በሰገራ ይወጣሉ፤ ሌሎቹ በደሙ ተወስደው በጉበት ውስጥ ባሉት ቀጫጭን የፖርታል ቅርንጫፎች ይቀረቀራሉ። በዓመታት ውስጥ ዙሪያቸው ጠባሳ ይሆናል። የጉበት ሴሎች ግን ለረጅም ጊዜ ብዙም ስለማይጎዱ ታማሚው ዓይኑ ቢጫ ሳይሆን፣ እርሻውንም ሳያቋርጥ ጣፊያው ያድጋል።

በፖርታልና ወደ ልብ በሚያመራው ትልቁ ደም መልስ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት በጤና ከ5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አይበልጥም። 10 ሲደርስ ደሙ በፊንጢጣ፣ በእምብርት ዙሪያና በምግብ ቧንቧ የታችኛው ጫፍ ሌላ መውጫ ያበጃል። የሚገድለው የመጨረሻው ነው፤ በስስ ሽፋን ሥር ያበጡት ደም መልሶች ይፈነዳሉ።

ደም ያስታወከ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው የጨጓራ ቁስል ነው። በጨጓራ መድኃኒት ብቻ ወደ ቤቱ መመለስ ግን ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። በጀርባው አስተኝቶ፣ በረጅሙ እያስተነፈሱ ሆዱን መዳሰስ ብዙ ይናገራል። የመርማሪው እጅ ከግራ ጎድን ሥር ከጀመረ ግን ትልቅ ጣፊያ ያመልጠዋል፤ ቀድሞውኑ ጣፊያው ላይ ስላረፈ ጠርዙን አያገኝም። ዳሰሳው ከታች፣ ከቀኝ የሆድ ጥግ ተነሥቶ ወደ ግራ ጎድን መውጣት አለበት። ወባና ካላዛርም ጣፊያን ያሳብጣሉ፤ በፖርታል ቅርንጫፎች ዙሪያ ያለውን የቢልሃርዚያ ጠባሳ የሚያሳየው አልትራሳውንድ ነው።

የፈነዳው ደም መልስ በኢንዶስኮፒ በላስቲክ ቀለበት ይታሰራል፤ ደሙ ከቆመ በኋላ ፕሮፕራኖሎል ግፊቱን ይቀንሳል። ፕራዚኳንቴል ትሉን ይገድላል፤ የቆየ ጠባሳ ግን ብዙ ጊዜ እንዳለ ይቀራል። አንዴ የደማ ሰው ደህና ነኝ ቢልም ለተከታታይ ኢንዶስኮፒ መመለስ ይኖርበታል።