ለዓመታት የተዘጋ ፔዳል ስቲል ጊታር እንዴት ይታደሳል

ፔዳል ስቲል ጊታር ደረት ላይ ታቅፈው የሚጫወቱት ጊታር አይደለም። እንደ ጠረጴዛ በአራት እግር ይቆማል፤ ተጫዋቹም ከፊቱ ይቀመጣል። በቀኝ እጁ ጣቶች ላይ ባጠለቃቸው መምቻዎች ክሮቹን ይመታል፤ በግራ እጁ ደግሞ ባር የሚባል ከባድና ልሙጥ ብረት በክሮቹ ላይ ያንሸራትታል። እግሮቹ ፔዳል ይረግጣሉ፤ ጉልበቶቹ ግራና ቀኝ የተንጠለጠሉ ማንሻዎችን ይገፋሉ። ፔዳሉ ሲረገጥ አንድ ወይም ሁለት ክር እየጮኸ ሳለ ይወጠራል፤ የቀሩት ባሉበት ይቆያሉ። የማሲንቆ ተጫዋች ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሳያቋርጥ እንደሚሸጋገረው ሁሉ ፔዳል ስቲልም ይንሸራተታል፤ ልዩነቱ አንዱ ድምፅ ሲንሸራተት ሌላው ጸንቶ መቆየት መቻሉ ነው። የኬኒ ሮጀርስንና የዶሊ ፓርተንን ዘፈኖች እየሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ፣ የመሣሪያውን ስም ባያውቅም በካንትሪ ሙዚቃ ውስጥ ከዘፋኙ ኋላ የሚያንጎራጉረውን ይህን ድምፅ ያውቀዋል።

የመሣሪያው ዘር ከሃዋይ ይመዘዛል። በ1880ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጆሴፍ ኬኩኩ የተባለ የኦዋሁ ደሴት ልጅ ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ክሮቹን በብረት እያንሸራተተ መጫወት እንደጀመረ ይነገራል። ኬኩኩ በ1904 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1915 በሳን ፍራንሲስኮ የተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ደግሞ የሃዋይን ሙዚቃ በመላው አገሪቱ አስወደደ። በ1930ዎቹ መሣሪያው ኤሌክትሪክ ሆነ፤ ቀጥሎም ቅኝቱን በእግር መለወጥ የሚያስችል ፔዳል ተጨመረለት። በ1948 የካሊፎርኒያው ፖል ቢግስቢ ለስፒዲ ዌስት የሠራው ጊታር በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። ወሳኙ ለውጥ የመጣው ግን በ1954 በገነነው የዌብ ፒርስ «ስሎውሊ» በተሰኘው ዘፈን ነው። ከዚያ በፊት ፔዳሉ በአብዛኛው የሚረገጠው ቅኝት ለመቀየር ነበር። በዚህ ዘፈን ላይ ግን ባድ አይዛክስ ክሩ እየጮኸ ሳለ ረገጠው፤ የድምፁ መታጠፍም ራሱ ዜማ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የካንትሪ መናኸሪያ የሆነችው የናሽቪል ከተማ ሙዚቃ ያለዚህ ድምፅ አልታሰብ አለ። ድምፁ ናሽቪል ላይም አልቆመም፤ በአሜሪካ የጥቁሮች የጴንጤቆስጤ አብያተ ክርስቲያናት ከቀደመው የጭን ስቲል ጀምሮ የራሱ የአምልኮ ስልት አለው፤ ናይጄሪያዊው ኪንግ ሰኒ አዴም በጁጁ ሙዚቃው ውስጥ አስገብቶታል።

ዛሬ ከምድር ቤትና ከጋራዥ እየወጡ ለእድሳት ከሚቀርቡት አሮጌ መሣሪያዎች ብዙዎቹ የሁለት ፋብሪካዎች ሥራ ናቸው። አንደኛው ሾት ጃክሰንና ቡዲ ኤመንስ በ1950ዎቹ አጋማሽ ገደማ ናሽቪል ላይ የመሠረቱት ሾ-ባድ ነው፤ ስሙም ከሁለቱ ስም የተገጣጠመ ነው። ሁለተኛው ኤመንስ በ1963 ከሾ-ባድ ወጥቶ ከባልደረባው ጋር ያቋቋመው የኤመንስ ኩባንያ ነው። የሾ-ባድ ጊታር ነጠብጣብ ባለው የሜፕል እንጨቱ፣ በሚያብረቀርቅ ላኬሩና አንገቱ ላይ በተሳሉት የመጫወቻ ካርታ ምልክቶች ከሩቅ ይለያል። የኤመንስ አብዛኛው ሥራ ግን በጠንካራ ላሚኔት የተሸፈነ ነው። ፌንደርም ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ክሮቹን በኬብል የሚስቡ ሞዴሎች ነበሩት።

እድሳቱን ለመረዳት መሣሪያውን ገልብጦ ሆዱን ማየት ያስፈልጋል። ከላይ ጊታር የሚመስለው ነገር ከታች ማሽን ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ወደ ታች ይጎትታል፤ ዘንጉ ከጊታሩ ስር በወርድ የተጋደመውን ሻፍት ያዞራል፤ ሻፍቱ ላይ የተተከለው ክራንክ ደግሞ በቁመት የተዘረጋ ቀጭን መሳቢያ ዘንግ ይስባል። የመሳቢያው ጫፍ የሚደርሰው ቼንጀር ወደሚባለው የመሣሪያው ልብ ነው። እዚያ በአንድ ወፍራም ዘንግ ላይ ለእያንዳንዱ ክር አንድ አንድ የአሉሚኒየም «ጣት» ተደርድሯል። ክሩ በጣቱ ክብ አናት ላይ አልፎ ከኋላው ይታሰራል፤ ጣቱ ወደ ኋላ ሲዞር ክሩ ይወጠራል፣ ወደ ፊት ሲመለስ ይላላል። ፔዳሉ ሲለቀቅ ጣቱን ወደ ቦታው የሚመልሱት የክሩ ውጥረትና ትንንሽ ሞላዎች ናቸው።

በተለመደው ባለ 10 ክር የኢ9 ቅኝት የመጀመሪያው ፔዳል 5ኛውንና 10ኛውን ክር ከቢ ወደ ሲ ሻርፕ፣ ሁለተኛው 3ኛውንና 6ኛውን ከጂ ሻርፕ ወደ ኤ ያነሳል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲረገጡ የኢ ሜጀር ኮርድ ባሩ ሳይነቃነቅ ወደ ኤ ሜጀር ይለወጣል። ባለ ሁለት አንገቱ መሣሪያ ላይ ከዚህ ሌላ የሲ6 ቅኝት ያለው 10 ክር ይጨመራል፤ ፔዳሎቹም ብዙውን ጊዜ 8 ይደርሳሉ። ይህ ሁሉ ሲደመር ሆዱ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ብረት ቁጥሩ ብዙ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ በሚሊሜትር ክፍልፋይ ቢዘገይ ጆሮ ወዲያው ይሰማዋል።

ለ30 ዓመት ሳጥኑ ውስጥ የተረሳ ጊታር ሲከፈት የሚታየው ነገር ያስደነግጣል፦ የዛገ ክር፣ አቧራ የጠጣ ዘይት፣ የደበዘዘ ክሮም፣ ተረግጦ የማይመለስ ፔዳል። ባለቤቱ መሣሪያው እንደሞተ ቢያስብ አያስገርምም። እውነቱ ግን ከዚህ በእጅጉ ይሻላል። አብዛኛው የቆመ ፔዳል ስቲል አልተሰበረም፤ ተጣብቋል። ከዓመታት በፊት በደግ ልብ የተቀባው ዘይት ደርቆ ማር የመሰለ ሙጫ ሆኗል። መሣሪያውን ለዘለቄታው የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ መረሳቱ ሳይሆን የችኮላ ጥገና ነው፦ በሞረድ የተበላ ጣት፣ ተፍቆ እንደገና የተቀባ ላኬር፣ ያለ ቦታው የተበሳ ቀዳዳ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ሊመለስ የሚችለው ሥራ ይሠራል፤ ማጽዳት፣ ማለስለስ፣ ማስተካከል። መቁረጥ፣ መሞረድና መቀባት የሚታሰበው ይህ ሁሉ ካልበቃ ብቻ ነው።

ካቻቢቴ ከመነሳቱ በፊት ፎቶግራፍ ይነሳል። እያንዳንዱ መሳቢያ በየትኛው ክራንክ፣ በየትኛው ቀዳዳ እንደገባ፣ ቼንጀሩ ላይ የት እንደደረሰ መመዝገብ አለበት። የቀዳዳው ቦታ የዘፈቀደ አይደለም። ክራንኩ ላይ መሳቢያው ከሻፍቱ በራቀ ቁጥር ጉዞው ይረዝማል፣ ፔዳሉም ይከብዳል፤ ጣቱ ላይ ግን ከቼንጀሩ ወፍራም ዘንግ በራቀ ቁጥር ይቀላል፣ የድምፁም ለውጥ ያንሳል። የቀድሞው ባለሙያ ይህን ሚዛን ለአንድ ተጫዋች እግር ብሎ አስተካክሎት ሊሆን ይችላል። ሁሉን በአንድ ቀን ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ የሚበትን ሰው ያንን እውቀት አብሮ ይበትናል።

ክሮቹ ቀስ በቀስ ላልተው ከወጡ በኋላ ትልቁ ሥራ ቼንጀሩ ነው። ብዙ ሰው ፈጥኖ የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ ይነፋበታል፤ ለጊዜው ይፈታዋል፣ ውሎ አድሮ ግን የራሱን ዝቃጭ ትቶ መልሶ ያጣብቀዋል። የሚበጀው ላይተር የሚሞላበት ንጹሕ ቤንዚን ነው። እንጨቱና ላኬሩ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ አየር በሚገባበትና እሳት በሌለበት ቦታ፣ ቤንዚኑ በጣቶቹ መካከል በትንሽ በትንሹ ይንጠባጠባል፤ ፔዳሎቹና ማንሻዎቹ በእጅ ይንቀሳቀሳሉ። መጀመሪያ የሚወጣው ፈሳሽ ጥቁር ነው፤ ቀጥሎ ቡናማ ይሆናል። ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ሥራው ይደጋገማል። በመሀል አንድ ጣት ድንገት ተላቆ ወደ ቦታው ጠቅ ሲል ይሰማል፤ ከዚያ ሌላው ይከተላል። ይህን የሰማ ሰው መሣሪያው እንደሚድን ይገባዋል። ሲደርቅ በየመጋጠሚያው አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል። ግራሶ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ አቧራ ይሰበስባል፣ ሲቀዘቅዝም ይጠጥራል። መሳቢያዎቹ፣ ሻፍቶቹና በሌላው ጫፍ ክሮቹ የሚያርፉባቸው ትንንሽ ሮለሮችም በዚሁ መንገድ ይጸዳሉ። የማይዞር ሮለር ክሩን ይይዘዋል፤ ፔዳሉ ሲለቀቅም ድምፁ ከመነሻው ትንሽ ተዛንፎ ይቀራል። ብዙ ሰው ይህ የቼንጀር ችግር እየመሰለው በከንቱ ይደክማል።

ቀጥሎ የጣቶቹ አናት በአጉሊ መነጽር ይታያል። አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፤ ክሩ ለዓመታት አንድ ቦታ ሲፈትገው ቦይ ያወጣበታል። ቦዩ ሲጠልቅ ክሩ ሻካራ ድምፅ ያወጣል፣ ቶሎም ይበጠሳል። ቀድሞ የሚበጠሰው ብዙውን ጊዜ ቀጭኑ 3ኛ ክር ነው፤ ቅኝቱ ከፍ ያለ ሆኖ ፔዳሉ በየጊዜው ሽቅብ ይስበዋልና። መፍትሔው ሞረድ ሳይሆን ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ከ600 ቁጥር ተጀምሮ እየደቀቀ ይሄዳል፣ መጨረሻው የብረት ማወልወያ ነው። ክቡ ቅርጽ ጠፍጣፋ እንዳይሆን እጅ ከጣቱ አናት ጋር አብሮ መዞር አለበት። ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ በድምፁ ጥራት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግን ከማንኛውም ውድ መለዋወጫ ይበልጣል።

በ1970ዎቹ የሾ-ባድ ጊታሮች ላይ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው ከቅይጥ ብረት በቅርጽ የፈሰሱት ክፍሎች ናቸው። ይህ ብረት በዕድሜ ይሰነጠቃል፤ ብሎኑ ሲጠብቅም እንደ ብስኩት ይፈረከሳል። በብየዳ አይድንም። ደግነቱ በአሜሪካ ያሉ ትንንሽ ወርክሾፖች በአሉሚኒየምና በናስ ቅጂውን ይሠራሉ። የተነሳው አሮጌ ክፍል ግን መጣል የለበትም፤ ከሳጥኑ ጋር ቢቀመጥ ለቀጣዩ ባለቤት የታሪክ ማስረጃ ይሆናል። ፑሽ-ፑል የሚባለው የኤመንስ ጊታር ደግሞ ሌላ ባሕርይ አለው። ጣቱ ሲያርፍ በቀጥታ ጠንካራ ብረት ላይ ስለሚደገፍ ድምፁ ሙሉ እንደሚሆን ተጫዋቾች አጥብቀው ያምናሉ፤ ማስተካከሉ ግን ረቂቅ ነው፣ ያለ ልምድ ባይነካ ይመረጣል።

የኤሌክትሪኩ ክፍል ከሜካኒኩ ይቀላል። የክሮቹን ድምፅ የሚቀበለው ፒክአፕ ሁለት ጫፉ በቴስተር ይለካል። ብዙ የፔዳል ስቲል ፒክአፖች ከ15 እስከ 20 ኪሎ ኦም አካባቢ ያነባሉ፤ ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ከፀጉር የቀጠነው የመዳብ ሽቦ ተበጥሷል ማለት ነው፣ እንደገና መጠምጠም አለበት። የሚያነብ ከሆነ እጅ ባይነካው ይሻላል። የድምፁን መጠን የሚቆጣጠረው ቮሊዩም ፔዳል የሚንኮሻኮሽ ከሆነና በማጽጃ ካልዳነ ይቀየራል፤ የለቀቀ ጃክም በካውያ ይበየዳል።

ስለ ላኬሩ የሚነሳው ጥያቄ የጣዕም ብቻ አይደለም። በእርጅና የሚወጡት ደቃቅ ስንጥቆች የዘመኑ ምልክት ናቸው፤ ሰብሳቢዎችም ለመጀመሪያው ቅብ ከአዲሱ አብልጠው ይከፍላሉ። በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ማጽዳትና በቀላል ማወልወያ ማሸት ከበቃ እዚያው መቆም ይገባል።

በመጨረሻ አዲስ ክር ይገጠማል፣ ቅኝቱም ይስተካከላል። በተለመደው አሠራር መጀመሪያ ምንም ሳይረገጥ ክሮቹ በመቃኛቸው ይቃኛሉ፤ ቀጥሎ እያንዳንዱ ፔዳል እየተረገጠ የተለወጠው ድምፅ በመሳቢያው ጫፍ ባለችው የናይለን ዳዶ ይስተካከላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታየት አለበት፦ ፔዳሉ ሳይረገጥ በዳዶውና በጣቱ መካከል ለዓይን የምትታይ ጥቂት ክፍተት መኖር አለባት። ከሌለች ጣቱ ሙሉ በሙሉ አያርፍም፣ ክሩም መቼም ወደ ትክክለኛው ድምፁ አይመለስም።

ቅኝቱ ላይ ኤሌክትሮኒክ መቃኛን ብቻ ማመን ያሳስታል። ብዙ ተጫዋቾች የኮርዱን ሦስተኛ ድምፅ፣ በኢ9 ላይ ጂ ሻርፑን፣ መቃኛው ከሚያሳየው እስከ 14 ሴንት (ትንሽ የድምፅ ልዩነት መለኪያ) ዝቅ አድርገው በጆሮ ይቃኙታል፤ ኮርዱ የሚረጋው እዚያ ስለሆነ። ሁለት ፔዳል አብሮ ሲረገጥ ያልተነኩት ክሮች በጥቂት ሴንት ዝቅ ማለታቸውም ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም፤ የእንጨቱ አካል ከጭነቱ ስር ትንሽ ስለሚለመጥ ነው። ዝቅታው ከበዛ ግን የአካሉና የጫፍ ብረቶቹ ብሎኖች ላልተው እንደሆነ ይፈተሻል።

አዲስ ክር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይለጠጣል፤ በቼንጀሩ ውስጥ የቀረው አሮጌ ዝቃጭም በጨዋታው እየፈታ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ጊታሩ ላይ ጥቂት ሳምንት ከተጫወቱ በኋላ ቼንጀሩ አንድ ጊዜ ደግሞ በቤንዚን ይታጠባል፣ ዘይቱ በጠብታ ይታደሳል፣ የዳዶዎቹም ክፍተት አንድ በአንድ እንደገና ይታያል።