ለብቻ ወጥተን ብቻችንን ያልሆንንበት ጫካ

ከግርግር ሸሽቶ ጫካ መግባት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ሱባኤ ሲይዙ ከሰው ተለይተው ነበር። የእኛ ዘመን ልዩነት ስልክ ይዘን መግባታችን ነው። ቅዳሜና እሁድ እንጦጦ ብትወጡ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ቆሞ «ጸጥታ ፍለጋ መጣሁ» እያለ በቀጥታ የሚያስተላልፍ ወጣት አታጡም።

ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። እኔም ከነርስነት ሥራዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን እዚያው እወጣለሁ፤ ፎቶም አነሳለሁ። ታላቅ እህቴ በስትሮክ ምክንያት ግማሽ ጎኗ ከደከመ ወዲህ ከቤት አትወጣም። ፎቶውን በቴሌግራም ስልክላት ደስታዋ ሌላ ነው። ግን ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ ፎቶው ላይ የሌለውን ነው፦ «ጉሙ ይበርዳል? ምን ወፍ ጮኸ? ምን ይሸታል?» ይህን ለመመለስ ስልኩን ኪሴ ከትቼ መስማትና ማሽተት አለብኝ። ለሰው የምናካፍለው ነገር የሚኖረን መጀመሪያ እኛው ስንቀምሰው ነው።

በጤና በኩልም የሚባል አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ወደ 20 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሞ ነበር። በሳምንት 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ በተፈጥሮ መካከል የሚያሳልፉ ሰዎች ጤናቸውም ስሜታቸውም ደህና እንደሆነ የመናገር ዕድላቸው ከማይወጡት የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። ሰዓቱን በአንድ ቀን መጨረስም ሆነ ከፋፍሎ መጠቀም ለውጥ አላመጣም። ሆኖም እግራችን ጫካ ሆኖ ልባችን «ስንት ሰው ወደደልኝ?» እያለ የሚቆጥር ከሆነ፣ ዕረፍቱ ምኑ ላይ ነው?

አደጋም አለው። ከጥቅምት 2011 እስከ ኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. የወጡ የዓለም ዜናዎችን የሰበሰቡ ተመራማሪዎች፣ 259 ሰዎች ራሳቸውን ፎቶ ሲያነሱ መሞታቸውን ቆጥረዋል። ግንባር ቀደሙ ምክንያት በውኃ መስጠም ነበር፤ ከፍ ካለ ቦታ መውደቅም ከዋናዎቹ አንዱ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ብናደርግ መልካም ነው፦

ስልኩን ቤት አትተዉት፤ ብቻውን ለሚሄድ ሰው መድኅን ነው። ድምፁን ግን አጥፉት። የት እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለአንድ የቤተሰብ ሰው ንገሩ። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ ዳገቱን ከመልመዳችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ያለ ካሜራ ተራመዱ። ፎቶ ስታነሱ ከገደልና ከውኃ ዳር ርቃችሁ፣ ቆማችሁ ይሁን፤ ወደ ኋላ እየተራመዳችሁ አታንሱ።

የምትለጥፉትን ቤት ከገባችሁ በኋላ ለጥፉ። እዚያው ሆኖ መለጠፍ ብቻችሁን መሆናችሁንና ቤታችሁ ሰው አለመኖሩን ለማታውቁት ሁሉ መንገር ነው።

ልጆቻችሁንም «ስልክ ተዉ» ብላችሁ አትቆጧቸው፤ አብራችኋቸው ውጡ። ማታ እራት ላይ ፎቶውን ከማየታችሁ በፊት ምን እንደሰሙ ጠይቋቸው።